ሦስቴ አንኳኩ

ከሆስፒታሉ ጥግ፣ ከኋለኛው ክፍል፣
የስጦታው ማሽን አንሶላ ለብሷል፤
ሦስት ዓመቱ ዘንድሮ።
የሰው አንጎል ገልጦ ውስጡን ያይ የነበር፣
የራሱን ውስጥ የሚያይ ባለሙያ አጥቶ
ዝም ብሎ ይኖር ጀመር።
የይለፍ ቃሉ ባሕር ማዶ፣ ባለቁልፉ ባሕር ማዶ፤
«ከፍተን እንየው» ብንል፣ «ዋስትናው ይሞታል» አሉን፣
የሬሳውን ዋስትና በፋይል አኑረን ቀረን።

ያን ጊዜ ነው ኒሚያ፣ የራጅ ክፍሏ ልጅ፣
ወረቀት ጠቅልላ የመጣች ከእኔ ደጅ።
እኔ አናጺ ነኝ፤ ቁምሣጥን፣ የሬሳ ሣጥን፣
በዓል ሲደርስ ደግሞ የሃርፕ ደረት እሠራለሁ።
«ይህን ቀለበት ቁረጪልኝ፣ ሃያ ሦስት አድርጊው» አለች።
«ንድፉን ማን ሸጠልሽ?»
«ማንም። ምንጩ ክፍት ነው።»
ፓራና ወንዝ ዳር ላደገ ሰው ምንጭ ማለት ውኃ ነው፣
እኔም ገንቦ የምትፈልግ መስሎኝ ነበር።
«ፈቃዱስ?» አልኳት።
«የሠራው በፈቃዱ ሰጠ፤ ፈቃዱም ይህቺው ናት፦
ያሻሻልሽውን አትደብቂ።»

ሁለት ሺህ ከምናምን ማግኔት፣ ካራሜላ ካራሜላ የሚያህሉ፣
ሲፈላለጉ ጣት ከመሃል ካገኙ የማይምሩ።
የብረት መፍቻዬ እየበረረ ቢያስቸግረኝ የነሐስ ገዛሁ፤
የግራ ሌባ ጣቴ ጥፍር ከዐሥራ አንደኛው ቀለበት ላይ ጠቆረ።
ሬዲዮ ጠጋኙ ኢላሪዮ መዳቡን ጠመጠመ፣
አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ ፈትቶ፣ እየተራገመ።
ማግኔት ሙቀት አይወድም፤ በጥር ሐሩር ይሰንፋል፤
እርጥብ ፎጣ አለበስነው፣ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ።

የመጀመሪያዋ ታማሚያችን ፓፓያ ነበረች።
ስክሪኑ ላይ ሥጋዋ ታየ፣ ጥቁር ጥቁር ዘሯ፣
ከመሃሏ ግን አንድ ነጭ መስመር፣
በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል፣ ለሁለት ከፍሏታል።
ኒሚያ ሥዕሏን ለዓለም ላከች፤ አላፈረችባትም።
በሦስተኛው ቀን ከታርቱ፣ ከኢስቶኒያ፣
ታርቪ የሚባል ሰው ዐሥራ አንድ መስመር ኮድ ላከልን።
ከሥሩ፦ «ልጄ አላስተኛ ብላኝ ነው የጻፍኩት፤
ፓፓያ በልቼ አላውቅም፣ ግን ሞክሩት።»
ሞከርነው።
መስመሩ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

ሁለት ወር ፈለግን። መብራት ቀየርን፣ ሽቦ ቀበርን፣
ኢላሪዮ ቀበቶውን ሳይቀር አወለቀ።
ከዚያ በኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ፣
ፓፓያዋ ያለ ጠባሳ ወጣች።
ኮዱ ያው፣ መዳቡ ያው፣ ፎጣውም ያው፤
ጎረቤታችን ኤዱቪሂስ ብቻ፣ በረዶ ሻጯ፣
የእህቷን ልጅ ልትድር ሱቋን ዘግታለች።
ለካ ሞተሯ ነው!
«ብታጠፊልን?» ብንላት «በረዶዬን ማን ይከፍለኛል?» አለች፤
«ዐሥራ ሁለት ደቂቃ» ስንል «ዘጠኝ»፤
ኒሚያ ተቀምጣ ኮዱን ለዘጠኝ አሳጠረችው።
እንግዲህ ግድግዳውን ሦስቴ እናንኳኳለን፣
ከወዲያ ሞተሩ አጉረምርሞ ይተኛል።
ይህም ከመመሪያው ገባ፣
ከመዳቡ ርዝመትና ከማጣበቂያው ዓይነት ቀጥሎ፦
«ጎረቤታችሁ በረዶ ከሸጠ፣ ሦስቴ አንኳኩ።»

ለሕሙማን ገና ነው፤ ኮሚቴው አልፈረመም።
እስከዚያ የገባው የእኔ እጅ ነው፣ ግራው።
አጥንቴ ጥቁር፣ መቅኔዬ ብሩህ፤
ስንት ሣጥን የመታ እጅ፣ ለካ ውስጡ እንዲህ ለስላሳ ኖሯል።
ጥፍሬን ፈለግሁት፤ ማሽኑ ጥፍር አያይም።

በስምንተኛው ወር ደብዳቤ መጣ፣ ከማዳጋስካር፦
«ቀለበቱን በቀርከሃ ሠራነው፤ ንድፉ ተያይዟል።
የእኛ ጎረቤት በረዶ አትሸጥም፣ ሩዝ ትፈትጋለች፤
ወፍጮዋ ስለሚጮህ እኛ አምስቴ እናንኳኳለን።»
ለኤዱቪሂስ በአጥር ላይ አነበብኩላት።
የበረዶውን ፍርፋሪ ከክንዷ አራግፋ
ቆም አለች፤
«ስሟን» አለችኝ፣ «የባለወፍጮዋን ስም ጠይቂልኝ፤
ስንት ደቂቃ ነው የምትሰጣቸው?»